ደስታ ብለን የጠራነው

የመጀመሪያው ምልክት የትኛው እንደነበር ሐኪሞች ደጋግመው ጠይቀውኛል። መልሴ በየጊዜው ይለያያል። አንዳንዴ ባስ ውስጥ ያለ ምክንያት ያለቀስኩበትን ቀን እነግራቸዋለሁ፣ አንዳንዴ ጸጉሬን መታጠብ ያቆምኩበትን ወር። እውነቱን ለመናገር ግን፣ ያን ጊዜ ምልክት የሚባል ነገር ስለመኖሩም አላውቅም ነበር። እንደማንኛውም ሰው እየኖርኩ ነበር የሚመስለኝ።

አሥራ ሰባት ዓመቴ ነበር። ከእናቴ ጋር ለንደን፣ አርችዌይ ሰፈር ውስጥ፣ በመንግሥት ኪራይ የካውንስል ፍላት ላይኛው ፎቅ ላይ እንኖር ነበር፤ እኔና እሷ ብቻ። አባቴ የሞተው ገና አዲስ አበባ ሳለን ነው፤ ለንደን ስንመጣ ልጅ ነበርኩ። እናቴ ፓርክ ሮያል በሚገኝ አንድ የሳንድዊች ፋብሪካ ትሠራ ነበር። ሺፍቷ ማለዳ ስለሚጀምር እኔ ስነሳ እሷ ሄዳለች። ጠረጴዛው ላይ በሳሕን የተከደነ ቁርስ አገኛለሁ።

በዚያ ዓመት ኦክቶበር መጨረሻ ላይ፣ የአገሩ ሰዓት በአንድ ሰዓት ወደ ኋላ ተመልሶ ቶሎ መምሸት ሲጀምር፣ ከአልጋ መነሳት ከበደኝ። እንቅልፍ አይደለም። ነቅቻለሁ፣ ጣሪያውን አያለሁ፣ ግን መነሳት አልችልም። ካልሲ ማድረግ ራሱ የቀን ሥራ ይሆንብኛል። አንዱን አጠልቅና ሌላውን እጄ ላይ ይዤ አልጋው ጠርዝ ላይ እቀመጣለሁ፤ ቀና ስል ትምህርት ተጀምሯል። እንደምንም ወጥቼ ባስ ስሳፈር ደግሞ፣ ትምህርት ቤቴ ጋ ሲደርስ ደወሉን ለመጫን እጄን ማንሳት ያቅተኛል። መጨረሻው ፌርማታ ድረስ እሄዳለሁ። ሾፌሩ «እዚህ ያበቃል» ሲለኝ እወርዳለሁ፣ መንገዱን ተሻግሬ በመመለሻው እሳፈራለሁ።

ሰነፍኩ ብዬ ነበር የማስበው። በልቤ ሌላ ስም አልነበረኝም። እናቴ ቆማ ስትሠራ ውላ እግሯ አብጦ ትመጣለች፤ እኔ ተኝቼ እጠብቃታለሁ። ከዚህ የበለጠ ስንፍና ምን አለ?

እሷ ግን አንድ ቀን እንኳ ሰነፍሽ አላለችኝም። ከሥራ ስትመለስ ጫማዋን ሳታወልቅ ክፍሌ በር ላይ ትቆምና ታየኛለች።

«በላሽ?»

«አዎ።»

«ምን በላሽ?»

«ያስቀመጥሽልኝን።»

ውሸቴን እንደሆነ ታውቃለች፣ ግን አትከራከረኝም። አንድ ቀን እንዲሁ ቆማ ካየችኝ በኋላ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «ድምፅ ትሰሚያለሽ?» አለችኝ።

«የምን ድምፅ?»

«ምንም... የጎረቤቱን ቴሌቪዥን ማለቴ ነው። ከፍ አድርጎት ከሆነ ልናገረው ብዬ።»

የጎረቤታችን ቴሌቪዥን አይሰማም ነበር። እኔም ነገሩን ረሳሁት።

ጂፒ፣ የሰፈራችን ሐኪም ጋ ወሰደችኝ። ሐኪሟ ደግ ሴት ነበረች፤ አንድ ዓይኗ ኮምፒውተሩ ላይ፣ አንድ ዓይኗ እኔ ላይ። እንቅልፍ፣ ምግብ፣ የወር አበባ ጠየቀችኝ። ገና አፌን ስከፍት እናቴ በፋብሪካ እንግሊዝኛዋ ቀደመችኝ፤ ትምህርት አብዝታ ነው፣ አትበላም፣ ደሟ አንሶ ነው አለች። ደም ተወሰደልኝ። ውጤቱ ሲመጣ እውነትም አይረን አንሶኝ ነበር። እናቴ እንዲያ ደስ ብሏት አይቻት አላውቅም። «አላልኩሽም? አላልኩሽም ደም ነው!» እያለች ከሐኪም ቤቱ እስከ ፍላታችን ድረስ ክንዴን ይዛ ሄደች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ቤታችን ቀይ ሥርና ጉበት በጉበት ሆነ። እኔም አመንኩ። የደም ማነሱ ውሸት ስላልነበረ፣ ከበስተጀርባው ሌላ ነገር ይኖራል ብሎ የጠየቀ ሰው አልነበረም።

ብርዱ ሲወጣ ተሻለኝ። የአይረኑ ኪኒን ሠራ ተባለ። ፈተናዬን አልፌ እዚሁ ለንደን ዩኒቨርሲቲ ገባሁ። በሚቀጥለው ዓመት ቀኑ ሲያጥር ነገሩ ተመለሰ፣ ከዚያም በሚቀጥለው። እናቴ ኪኒኑን ትገዛለች፣ እኔ እውጣለሁ፣ ቀኑ ሲረዝም እነሳለሁ። እንዲህ ያለው ነገር የአንዳንድ ሰው ተፈጥሮ ነው ብለን ተላምደነው ነበር።

ሃያ ዓመቴ ላይ፣ ማርች ውስጥ፣ አንድ ማለዳ ከእናቴ በፊት ነቃሁ።

ነቃሁ ስል እንደ ሌላው ጊዜ አይደለም። ዓይኔን ስገልጥ አእምሮዬ ቀድሞኝ ተነስቶ የሚጠብቀኝ መሰለኝ። ተነስቼ ቁርስ ሠራሁ። እናቴ ፀጉሯን እያሰረች ከክፍሏ ስትወጣ እንቁላሉ ቀርቧል፣ ሻዩ ተቀድቷል። ቆማ ቀረች። «ምን ተገኘ?» አለችኝ። «ምንም፣ ደስ ብሎኝ ነው» አልኳት። አቀፈችኝ። የዩኒፎርሟን የሳሙና ሽታ እስከ ዛሬ አስታውሰዋለሁ።

ከመስኮታችን ቁልቁል ከተማው ይታያል። ስንት ዓመት ያየሁት ከተማ በዚያ ወር አዲስ ሆነ። የቀይ ባሶቹ ቅላት ዓይኔን ያጠግበው ነበር። ሊፍት ውስጥ አናግሬያቸው የማላውቃቸውን ጎረቤቶች ስማቸውን፣ አገራቸውን፣ የልጆቻቸውን ዕድሜ ጠየቅኩ። ለወራት ያልነካሁትን የዩኒቨርሲቲ ሥራ ባንድ ሳምንት ጨረስኩት። ደረጃውን እስከ ታች ወለል ድረስ በብሩሽ ፈግፍጌ አጠብኩት።

ያን ጊዜ የምንሄድባት የአማርኛ ቸርች እሑድ ከሰዓት በኋላ የእንግሊዞቹን አዳራሽ ተከራይታ ነበር የምታመልከው። እኔ ለዓመታት ከኋላ ወንበር ተቀምጬ ስልኬን የማይ ልጅ ነበርኩ። በዚያ ማርች ግን ወደ ፊት ወጣሁ። መዘምራን ገባሁ። አለኝ የማልለው ድምፅ ወጣኝ። እናቴ ለምስክርነት ተነስታ ማይኩን በሁለት እጇ ይዛ፣ «ልጄ ተኝታ ነበር፤ ሰው ሁሉ ልጅሽ ምን ሆነች ይለኝ ነበር። ጌታ አስነስቶ መለሰልኝ» ስትል፣ አዳራሹ በሃሌሉያ ተናወጠ። ሴቶቹ እያለቀሱ ሳሙኝ። እዚህ ተወልደው ያደጉት ወጣቶች ደግሞ፣ በመንፈስ እሳት ነደደች ለማለት፣ «ኦን ፋየር ናት!» ይሉኝ ጀመር። የወጣቶቹን የመጽሐፍ ቅዱስ ጥናት እንድመራ ተሰጠኝ። ከጥቂት ሳምንት በኋላ ትልልቅ ሰዎች ሳይቀሩ ጸልዪልን እያሉ ይመጡ ነበር።

ማንንም አልወቅስም። የሆንኩት ነገር ሁሉ በመካከላችን መልካም ስም ነበረው። ምግብ ስተው ጾመኛ ተባልኩ። ሳልተኛ ሳድር የጸሎት ሰው ተባልኩ። አፌ አልዘጋ ሲል ቃል በዛላት አሉ። የመዘምራኑ መሪ ብቻ አንድ ቀን ልምምድ ላይ፣ «እህቴ፣ ትንሽ ቀስ በይ፣ አልደረስንብሽም» ብሎኝ ነበር፤ ሁላችንም ሳቅን። እኔ ራሴ ከማንም በላይ አምኜ ነበር። ለዓመታት ድንጋይ ተጭኖብህ ኖሮ አንድ ማለዳ ከላይህ ሲነሳ፣ ይህ ደግሞ ሌላኛው ሕመም ይሆን ብለህ አትጠይቅም። ዳንኩ ነው የምትለው።

እናቴ ቀድማ ፈራች። መቼ እንደሆነ አሁን አውቀዋለሁ። ኤፕሪል ውስጥ፣ ዝናብ በሚዘንብበት አንድ ከሰዓት በኋላ፣ አርችዌይ ጣቢያ በር ላይ የተቀመጠች ሴት አይቼ የክረምት ኮቴን አውልቄ አለበስኳት። ጫማዬንም ሰጠኋት። በካልሲ፣ ውኃ እየተንጠባጠበብኝ፣ እየዘመርኩ ቤት ገባሁ። እናቴ ወጥ እያማሰለች ነበር።

«ኮትሽስ?»

«ሰጠሁት።»

«ለማን?»

«ለጌታ! እማዬ፣ ፊቷን ብታዪው...»

ማማሰያውን ድስቱ ውስጥ ትታ ወንበር ላይ ተቀመጠች። ወጡ አረረ። ተነስቼ እሳቱን ያጠፋሁት እኔ ነኝ፤ እሷ እግሬን እያየች ነበር፣ እርጥብ ካልሲዬን። «ሌላም የሰጠሽው ልብስ አለ?» አለችኝ ቆይታ። «ለጊዜው የለም» ብዬ ሳቅኩ። አልሳቀችም።

ሜይ ሲገባ፣ ከቸርቻችን አንዲት ትልቅ ሴት ክሮይደን ባለው የኢሚግሬሽን መሥሪያ ቤት ቀጠሮ ነበራቸው። የመኖሪያ ፈቃድ ወረቀት ሲጠብቁ ዓመታት አልፈዋል፤ እንግሊዝኛ ስለማይችሉ ሁልጊዜ አንድ ሰው ይሸኛቸዋል። በዚያ ቀን እኔ እሸኛለሁ አልኩ። በባቡሩ እስክንደርስ ድረስ አፌ አልተዘጋም። እሳቸው በትሕትና ራሳቸውን ይነቀንቃሉ፤ ደጋግመው ቦርሳቸውን ከፍተው ወረቀታቸው መኖሩን ቼክ ያደርጋሉ።

ከሕንጻው ውጭ ሰልፍ ነበር። ነፋሱ በሕንጻዎቹ መሃል እየተወረወረ ይመታናል። ሰዎቹ ፋይላቸውን ደረታቸው ላይ አቅፈው ቆመዋል፤ ሕፃን የያዘች አለች፣ ሱፍ ለብሰው ከረባት ያሰሩ ሽማግሌ አሉ። ሳያቸው ልቤ ሞላ። ለእያንዳንዳቸው የሚሆነው ነገር ቁልጭ ብሎ ታየኝ። ከሰልፉ ወጥቼ ፊታቸው ቆምኩና ጮክ ብዬ በእንግሊዝኛ፣ «ዛሬ ማናችሁም ባዶ እጃችሁን አትመለሱም! ሁላችሁም ወረቀት ታገኛላችሁ! ጌታ ነግሮኛል!» አልኩ። ከዚያ በአማርኛ፣ ከዚያ ያለኝን ጥቂት ዐረብኛ ጨምሬ ደገምኩት። ገሚሱ ዓይኑን አዞረ። ሕፃን የያዘችው ሴት ግን ማልቀስ ጀመረች፤ ከረባት ያሰሩት ሽማግሌ ኮፍያቸውን አወለቁ። ያ ኮፍያ እስከ ዛሬ ያመኛል።

ጥበቃው መጥቶ በጨዋ ቋንቋ ወደ ሰልፉ እንድመለስ ጠየቀኝ። አልሰማሁትም። የበለጠ ሰው የሚገኘው ጣቢያው ጋ ነው ብዬ ወደዚያ መራመድ ጀመርኩ። ሴትዮዋ ተከትለውኝ ይሮጣሉ። «ልጄ፣ ተራዬ ይደርሳል! ልጄ፣ ወዴት ነው?» ጣቢያው ፊት ለፊት የትራም ሐዲድ መንገዱን አቋርጦ ያልፋል። ትራሙ እየመጣ ነበር። አየሁት። አላየሁትም ብል ውሸት ነው። እጄን ዘርግቼ ሐዲዱ ላይ ቆምኩ፤ እንደሚቆምልኝ ቅንጣት አልተጠራጠርኩም።

ቆመልኝ። ሾፌሩ ደወሉን እያንጫረረ ፍሬኑን ያዘ፤ የሾፌሩ ፊት ነጭ ሆኖ በመስታወቱ ውስጥ ታየኝ። «አዩ? አዩ?» ብዬ ወደ ሴትዮዋ ዞርኩ። እሳቸው ደርሰው እጄን በሁለት እጃቸው ጨብጠው ከሐዲዱ ጎተቱኝ። ትንሽ ሴት ናቸው፤ ያን ኃይል ከየት እንዳመጡት አላውቅም።

«አመመሽ እንዴ፣ ልጄ?» አሉኝ።

«እኔ? እንደዛሬ ጤነኛ ሆኜ አላውቅም!»

ወደ ሰልፉ አልተመለሱም። ጣቢያው ውስጥ ወንበር ላይ አስቀምጠውኝ እጄን እንደያዙ በሌላ እጃቸው ለእናቴ ደወሉ። ተራቸው አለፈ።

እናቴ የመጣችው ከፋብሪካው እንደወጣች ነው፤ የፀጉር መረቡን እንኳ አላወለቀችም። ከተማውን ከጫፍ እስከ ጫፍ አቋርጣ ስትደርስ፣ ትጮኻለች ወይም ታለቅሳለች ብዬ ጠብቄ ነበር። አንዱንም አላደረገችም። ፊቴን በሁለት እጇ ይዛ ዓይኔን ተራ በተራ አየችው። ከዚያ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቀችኝ፤ «እንቅልፍ የሚባል ካየሽ ስንት ቀንሽ ነው?» መልሴንም አልጠበቀችም። የሴትዮዋን ጉልበት ልትስም ጎንበስ ስትል ከለከሏት።

ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ብዙ ከጠበቅን በኋላ አንድ ወጣት ሐኪም ጠባብ ክፍል ውስጥ አስገባን። እየተነሳሁ እቀመጣለሁ፣ ግድግዳው ላይ ያለውን ሁሉ አነባለሁ። የሚጠይቀኝን በደስታ እመልስለታለሁ። «በቤተሰባችሁ ውስጥ እንዲህ ያለ ነገር ያጋጠመው ሰው አለ?» አለኝ።

«ማንም የለም» አልኩት ፈጥኜ።

እናቴ ጥያቄው ገብቷታል። መሬት መሬቱን እያየች በአማርኛ፣ «አለ በዪው» አለችኝ።

«ማን?»

«ወንድሜ።»

«የቱ ወንድምሽ?»

«ታናሼ ነው በዪው። ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ነበር በዪው። ቤተሰቡ ሁሉ በሱ ነበር የሚኮራው።»

የራሴን ቤተሰብ ታሪክ ለመጀመሪያ ጊዜ እየሰማሁ ወደ እንግሊዝኛ እመልሰው ጀመር። ያን ጊዜ በነበርኩበት ሁኔታ ሁሉም ነገር ያስቀኝ ነበር። እሷ ትናገራለች፣ እኔ እየሳቅኩ ቃል በቃል እተረጉማለሁ።

«መጀመሪያ ወር ሙሉ ይተኛ ነበር በዪው። ከዚያ ተነሳ። ሲነሳ ሁላችንም ደስ አለን። ልብሱን ለድሃ ሰጠ፣ ሰፈሩ ሁሉ መረቀው። የሚሰጠው ሲያልቅ የለበሰውን አውልቆ ሰጠና መንገድ ወጣ።»

ይህንን ስተረጉም ከሳቅ ብዛት እንባዬ ወረደ። ሐኪሙ አልሳቀም፤ እናቴን ነበር የሚያያት።

«አሰርነው በዪው» አለች።

ቃሉ አልመጣልኝም። በእንግሊዝኛ አስቤ የማላውቅ ያህል ሆነብኝ። ሐኪሙ ጠበቀ። እናቴ ቀና አለችና ሁለቱን የእጇን አንጓዎች አገጣጥማ አሳየችው። አስተርጓሚ አላስፈለጋትም።

በዚያ ቀን ከሆስፒታል አልወጣሁም። የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ከእጄ ያመለጡ ናቸው፤ የማስታውሰው መድኃኒቱ ምላሴን እንዳወፈረውና እናቴ ከሺፍት በኋላ በየቀኑ ምግብ ይዛ መምጣቷን ነው። ሕመሙን ስም ሰጡት። ባይፖላር። ያ የብርድ ወራቱ መተኛትና ይህ የማርቹ እሳት አንድ ነገር መሆናቸውን ያስረዱኝ ጊዜ አላመንኳቸውም። አንዱ ጠላቴ ነበር፤ ሌላው የሕይወቴ ምርጡ ጊዜ። እንዴት ከአንድ እናት ይወለዳሉ?

ትንሽ ሲረጋጋልኝ፣ በሆስፒታሉ ግቢ አግዳሚ ላይ ተቀምጠን ስለ አጎቴ ጠየቅኳት።

«ሞቷል?»

«አልሞተም። አክስትሽ ጋ ነው ያለው።»

አክስቴን አውቃታለሁ። እናቴ አዲስ አበባ ስትደውል ሁልጊዜ መጨረሻ ላይ «ደህና ነው?» ትላት ነበር። ማን እንደሆነ ጠይቄ አላውቅም፤ የአክስቴ ባል ይመስለኝ ነበር።

«ለምን አልነገርሽኝም?»

የፋብሪካው ቅዝቃዜ የሰነጣጠቀውን ጣቷን እያሻሸች ነበር።

«ስሙን ካልጠራሁት አይመጣም ብዬ ነው» አለችኝ። «አሥራ ሰባት ዓመትሽ ላይ ስትተኚ ወዲያው እሱን ነው ያየሁት። አይደለም፣ ደም ነው አልኩ። ደም ነው ሲሉኝ ደግሞ እልል ልል ነበር። ስትነሺ... ያኔ እንኳ፣ እሱ ጌታን አያውቅም ነበር፣ እሷ ግን ጌታ ነው ያስነሳት አልኩ። ኮትሽን እስክትሰጪ ድረስ።»

ልቆጣት ፈልጌ ነበር። በኋላ ተቆጥቼያታለሁም፤ ለወራት ያላናገርኳት ጊዜ አለ። በዚያ አግዳሚ ላይ ግን አቅሙ አልነበረኝም። የምትናገረው ሁሉ በጥጥ ውስጥ አልፎ እንደሚመጣ ነበር የሚሰማኝ።

ከሆስፒታል ስወጣ የመጣው ጊዜ ከሁሉም የከፋ ነበር። ለአንድ ዓመት ዩኒቨርሲቲውን አቋረጥኩ። ፊቴ አበጠ፣ ወፈርኩ። ቸርች ስመለስ ሰዎቹ ደግ ነበሩ፤ ደግነታቸው ግን ከሩቅ ነበር። ጸልዪልኝ ይሉኝ የነበሩት አሁን ትከሻዬን መታ መታ አድርገው ያልፉኛል። መድኃኒቱ እምነት ማነስ ነው ያለኝ አንድ ሰው ነበር፤ ፓስተሩ ሰምቶ ያንን ሰውዬ ለብቻው ወስዶ እንደገሠጸው ሰማሁ። ዘመርኩም አልዘመርኩም የጠየቀኝ የለም። ድምፄም ሄዷል።

ክሮይደን የሸኘኋቸው ሴትዮ ያን ቀን ያመለጣቸውን ቀጠሮ በማግስቱ ሄደው አስተካከሉ። ከሁለት ክረምት በኋላ ወረቀታቸው መጣ። ቸርች ውስጥ ምስጋና ሲያቀርቡ፣ አጠገቤ የተቀመጠች ሴት ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ፣ «አየሽ፣ ያልሽው ደረሰ እኮ» አለችኝ። ተነስቼ ወጣሁ። ሽንት ቤት ገብቼ በሩን ቆልፌ ቆምኩ። በዚያ ሰልፍ ላይ የነበሩት ሌሎቹስ? ኮፍያቸውን ያወለቁት ሽማግሌ አግኝተው ይሆን? ወይስ በእኔ ቃል ተደስተው ገብተው አንገታቸውን ደፍተው ወጡ? ይህን የምጠይቀው ሰው የለኝም። እምነቴን አልተውኩም። በዚያ ማርች ከጸለይኩት ጸሎት የትኛው የእኔ፣ የትኛው የሕመሙ እንደነበር ግን እስከ ዛሬ መለየት አልቻልኩም። ፓስተሩን ጠይቄው ነበር። «እኔም አላውቅም» አለኝ። ይህን በማለቱ አከበርኩት።

አሁን ሠላሳዎቹ ውስጥ ነኝ። ዘግይቼም ቢሆን ተመረቅኩ፤ በአንድ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤት ረዳት አስተማሪ ነኝ። ብቻዬን እኖራለሁ፣ ከእናቴ ብዙ ሳልርቅ። በመሃል ሁለት ጊዜ ሆስፒታል ተመልሻለሁ፤ የመጨረሻው ከሆነ ቆየ። ብርዱ ሲገባ የሚመጣውን አሁን በሩቁ አውቀዋለሁ። የሚያስቸግረኝ ደስታው ነው። ክፍል ውስጥ ልጆቹ ሲያስቁኝ ከልቤ እስቅና ወዲያው ራሴን እመረምራለሁ፤ ሳቄ ረዘመ እንዴ? ጥሩ ቀን ውዬ ለእናቴ ስደውል በድምፄ ውስጥ የምትፈልገው ነገር አለ። «ጥሩ ነው፣ የኔ እናት» ትለኛለች፤ ትንሽ ታቆማለች፣ ከዚያ፣ «ተኝተሽ ነው ያደርሽው?» ሌሎች ሰዎች ለልጃቸው ደስታ እንዲህ አይመልሱም። አንዳንዴ ይከፋኛል። «አይም ፋይን፣ እማዬ» ብዬ ስልኩን እዘጋለሁ።

ባለፈው በጋ፣ ከቸርች መልስ እሷ ጋ ምሳ በልተን ሳለ፣ አክስቴ በቪዲዮ ደወለች። ስልኩን ያነሳሁት እኔ ነበርኩ። ጥቂት እንዳወራን ከኋላዋ አንድ ሽበታም ሰው በረንዳ ላይ ተቀምጦ አየሁ። «እሱ ነው?» አልኳት። አክስቴ ትንሽ አመነታችና ስልኩን ወሰደችለት።

«እንደምን አሉ፣ ጋሼ?» አልኩ።

ስክሪኑን በጣም አስጠግቶ ያዘው። ንግግሩ ዝግ ያለ ነው።

«የሷ ልጅ ነሽ?»

«አዎ።»

«አሞሽ ነበር አሉኝ።»

«አዎ፣ ጋሼ። መድኃኒት እወስዳለሁ።»

«እኔም እወስዳለሁ። እስቲ እጅሽን አሳዪኝ።»

እጄን ዘረጋሁለት። መድኃኒቱ ጣቶቼን በስሱ ያንቀጠቅጣቸዋል፤ ሰው ፊት ሁልጊዜ እደብቃቸዋለሁ። እሱም የራሱን አነሳ። የሱ ከእኔ ይብሳል። «ያንቺ ይሻላል» አለና ፈገግ አለ፤ ጥርሱ ጎድሏል። ከዚያ ፊቱ ተመልሶ ጠቆረ።

«ሲመጣ ታውቂዋለሽ?»

«አንዳንዴ።»

«እኔ አላውቀውም። እኔማ ደስ ይለኛል። እሷ ናት የምታውቀው» አለ፣ በአገጩ ወደ አክስቴ እየጠቆመ። «ትነግረኛለች፣ እጣላታለሁ።»

ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ፣ «እናትሽስ የት አለች?» አለኝ።

እናቴ ስልኩ በማያሳያት በኩል፣ ጠረጴዛው ጥግ ላይ፣ እጇን አፏ ላይ አድርጋ ቆማ ነበር። አገሯን ከለቀቀች ወዲህ በየወሩ መድኃኒቱን የምትገዛለት እሷ እንደሆነች አክስቴ ነግራኛለች፤ ድምፁን ግን ከዚያ ወዲህ ሰምታ አታውቅም። ስልኩን ወደሷ አዞርኩት። የምትሸሽ መስሎኝ ነበር። አልሸሸችም።

«አለሁ» አለች።

ወደ ስክሪኑ ጠጋ አለች።

«አረጀሽ» አላት።

ሳቅ ይሁን ለቅሶ ያልለየለት ድምፅ ወጣት። ስልኩን ከእጄ ወሰደችና ኩሽና ገብታ በሩን ዘጋች። እኔ ሳሕኖቹን አነሳስቼ ሶፋው ላይ ተቀመጥኩ። ከበሩ ወዲያ ድምጿ ከፍ ዝቅ ሲል ይሰማኛል፤ ቃሉ አይለይም። አንዴ እሷ ለረጅም ጊዜ ዝም ስትል የእሱ ዝግ ያለ ድምፅ ብቻ ተሰማኝ። ስትወጣ ዓይኗ ቀልቷል። ምን እንደተባባሉ አልጠየቅኳትም። ውኃ ቀድታ ቆማ ጠጣችና፣ በሚቀጥለው እሑድ መልሳ እንደምትደውልለት ነገረችኝ።